ወተት መለኪያ አይደለም

«እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥነው።» ትንንሽ የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴሎችን ገጣጥሞ ቀለም በአየር በሚረጨው ኤርብራሽ የሚቀባ ሰው፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ ይህችን ምክር ሳይሰማ ቀለም አይነካም። አክሪሊክ ቀለም ከጠርሙሱ እንደወጣ ለኤርብራሽ ጠባብ አፍንጫ ይወፍራል፤ ስለዚህ መቅጠን አለበት። እስከ ምን ድረስ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ እስከ ወተት። የሞዴል መጽሔቶች ሲጽፉት ኖረዋል፤ ልምድ አለኝ የሚል ሁሉ ይደግመዋል፤ ከጋራዥ ቀለም ቀቢ አፍም አይጠፋም። ከመደጋገሙ ብዛት ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጠፍቷል።

እኔ ግን ምክሩ ስህተት ነው እላለሁ። ትንሽ ቢታረም ይድናል የሚባል ዓይነትም አይደለም። ጀማሪው ዓይኑን ቀለሙ በሚበጠበጥበት ብልቃጥ ላይ እንዲተክል ያስተምረዋል፤ ቀለሙ የሚበላሸውም የሚያምረውም ብልቃጡ ውስጥ አይደለም፤ በኤርብራሹ መርፌ ጫፍ፣ በአየሩ ውስጥና በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ነው።

ነገሩን ከወተቱ ልጀምር፤ በፎገራ ሜዳ፣ ወረታ ተቀምጦ ስለ ወተት ዝም ማለት አይቻልምና። ወተት የተባለው የማን ላም ወተት ነው? የፎገራ ላም፣ ያቺ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉሯ፣ ረግረጉን ሳትፈራ ገብታ የምትግጠው፣ የምትሰጠው ጥቂት ቢሆንም ስቡ ብዙ ነው። የአገራችን ላሞች ወተት ስብ ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ ያልፋል፤ የፈረንጅ ላም ወተት ግን ብዙ ጊዜ ከ4 በመቶ ብዙ አይርቅም። በአንዲት ላም እንኳ መታለብ ስትጀምር የሚወርደው ስስ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚንጠፈጠፈው ደግሞ ስባም ነው። በወለደች ሰሞን እንገር ነው። ጥጃው አድጎ ጡቷ ሊነጥፍ ሲል እንደገና ይወፍራል። ክረምት ለምለም ሣር ስትግጥ የምትሰጠውና በጋ የሩዝ ገለባ እየበላች የምትሰጠውም አንድ አይደለም። (ሩዙ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ ገበሬዎች ማኅበራት ከተጀመረ ወዲህ ሜዳውን እየወረሰ የግጦሹን መሬት ወስዶባታል፤ የፎገራ ላም በገዛ አገሯ እየተመናመነች ነው።)

ምክሩን የጻፈው ፈረንጅ ግን ወተት ሲል ፍሪጅ ከፍቶ የሚያወጣውን ካርቶን ነው የሚያስበው፤ ፋብሪካ ስቡን ለክቶ፣ በአሜሪካ ከሆነ 3.25 ወይም 2 በመቶ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ያሸገውን። ለእርሱ ወተት ቢያንስ የማይለዋወጥ ነገር ነው። ጠንቃቃ ነን የሚሉት ደግሞ «ስቡ የወጣለት ወተት» ብለው ያጠብቁታል። በፎገራ ቤት ስቡ የወጣለት ሲባል ከእጅ የሚገኘው አሬራ ነው፤ ጓል ጓል ያለበትን አሬራ አስመስሎ ቀለም የበጠበጠ ሰው ኤርብራሹን ፈታትቶ ሲያጥብ ይውላል።

ይልቅስ የወተት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ እንይ። ወተት የሚረከብ ሠራተኛ ዓይኑን አያምንም። ላክቶሜትር ይነክርበታል፤ ንጹሕ ወተት በሊትር ከ1.028 እስከ 1.032 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ውሃ የገባበት ከዚያ ይወርዳል። ቀጥሎ ጥቂቱን ወስዶ ከእኩል አልኮል ጋር ይቀላቅልና ይቋጥር እንደሆነ ያያል። ወተትን በማየት ብቻ መለየት እንደማይቻል ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ ናቸው። ለወተት እንኳ ያልበቃ ዓይን ለቀለም እንዴት ይበቃል?

የወተቱ መለዋወጥ ግን ትንሹ ችግር ነው። ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ወተት ቢጠጣም ምክሩ አይቆምም፤ ምክንያቱ የአክሪሊክ ቀለም የራሱ ጠባይ ነው።

ወተት በዝግታ ቢቀዳም በኃይል ቢረጭም ውፍረቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ከውሃ እጥፍ ቢሆን ነው። አክሪሊክ እንዲህ አይደለም። በውስጡ በጣም ደቃቅ የፖሊመር ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ጋር የቀለሙ ዱቄት፣ ዱቄቱ እንዳይዘቅጥ የሚይዝ ማወፈሪያና ሌላም ሌላም አለ። ማወፈሪያው የተሠራው ረጃጅም ሰንሰለት ካላቸው ሞለኪውሎች ነው። ቀለሙ ሳይነካ ሲቆም እነዚህ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ይተበተባሉ፣ ቀለሙም ይወፍራል። ሲገፋ፣ ሲቦርሹት ወይም በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ትብትቡ ይላላል፣ ሰንሰለቶቹ በሚፈሱበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ቀለሙም ይቀጥናል። የግድግዳ ቀለም በብሩሽ ሲገፉት እሺ ብሎ የሚዘረጋው፣ ብሩሹ ሲነሣለት ደግሞ ሳይንጠባጠብ የሚቀረው በዚሁ ጠባዩ ነው።

እንግዲህ ለሞዴል የሚሆን ኤርብራሽ አፍንጫ ብዙውን ጊዜ 0.2፣ 0.3 ወይም 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ቀዳዳ መርፌውን እየታከከ የሚያልፍ ቀለም ብልቃጡ ውስጥ ተቀምጦ ያየነው ቀለም አይደለም፤ ውፍረቱ ወርዷል። ቆሞ ሳለ ወተት እስኪመስል ያቀጠነው ሰው፣ አፍንጫው ላይ ሲደርስ ከሚገባው በላይ የቀጠነ ነገር ነው ያዘጋጀው። ሁለት ኩባንያዎች የሠሩት ቀለም ብልቃጥ ውስጥ አንድ መስሎ፣ የማወፈሪያቸው ዓይነትና መጠን ስለሚለያይ፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ሆኖ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ብልቃጡን አዘንብሎ «ከግድግዳው ላይ እንደ ወተት ቀስ ብሎ ወረደ» ማለት የቆመውን ነገር መመልከት ነው፤ የሚረጨው ነገር ስለ ራሱ ገና አልተናገረም።

ከሚገባው በላይ የቀጠነ ቀለም ደግሞ ፈሳሽነቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ውሃው በበዛ ቁጥር ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ፖሊመር ይሳሳል፣ ቅንጣቶቹ ውሃው ሲተን ተቀራርበው አንድ ሽፋን መሆን ያቅታቸዋል። ቀለሙ የደረቀ መስሎ በጣት ሲነካ ይነሣል፣ ጭንብል የተለጠፈበት ሲላጥ አብሮ ይላጣል። ይህን ያየ ጀማሪ ፕላስቲኩ በደንብ አልታጠበም ብሎ ሳሙናውን ይወቅሳል።

ክርክሬ ከማቅጠን ጋር እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ወፍራም ቀለም ለሞዴል ጥፋት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. የተረከበው፣ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነው ቦይንግ 787 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ነው፤ በ1፡144 መጠን ሲሠራ 39 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ሞዴል ላይ የተቀባ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው አውሮፕላን ቢሰላ ከ7 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በሮቹና የክንፉ መጋጠሚያዎች ሁሉ ይደፈናሉ። ስለዚህ ቀለሙ መሳሳት አለበት፣ በስሱም ደጋግሞ መቀባት አለበት። ጥያቄው ስንት፣ በምንና ለየትኛው ቀለም ነው።

ለየትኛው ቀለም ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የዚያኑ አውሮፕላን ጭራ እንውሰድ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አካሉ ነጭ ነው። ነጩ ቀለም ዱቄቱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከውሃ አራት እጥፍ ይከብዳል፣ በጣም የቀጠነ እንደሆነ ብልቃጡ ግርጌ ይዘቅጣል፤ መጀመሪያ ላይ የሚረጨውና መጨረሻ ላይ የሚረጨው ይለያያሉ። አረንጓዴው ይሸፍናል፣ ብዙም አያስቸግርም። ቢጫው ግን የሞዴል ሠሪ ሁሉ ራስ ምታት ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የቢጫ ዱቄት ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም። ቀዩም ከቢጫው ብዙ አይሻልም። ሦስቱንም «እንደ ወተት» አቅጥኖ የረጨ ሰው አረንጓዴው በሁለት ዙር ሲያምርለት፣ ቢጫው በስድስት ዙርም ገርጥቶ ይቀርበታል፣ ለመሸፈን ሲጨምር ደግሞ ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል። ቢጫ የሚፈልገው ነጭ መደብና ከአረንጓዴው ያነሰ ማቅጠኛ ነው። ይህን ወተት አይነግረንም።

አሁን ወደ ማቅጠኛው። ምክሩ «እስከ ወተት» ሲል በምን እንደሆነ ዝም ይላል፣ ስለዚህ ሰው እጁ ያገኘውን ይጨምራል። ውሃ ንጹሕ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን የገጽ ውጥረቱ ከፍተኛ ነው፤ በሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ገደማ ነው። የሞዴል ፕላስቲክ የሆነው ፖሊስታይሪን ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ጉልበት ብቻ ስላለው ውሃውን መሳብ አይችልም፤ ጠብታው ሳይዘረጋ ተድቦልቡሎ ይቀራል። አልኮል ከ22 ብዙ ስለማይበልጥ በቀላሉ ይዘረጋል። በዚህ የተነሣ የጃፓኑ ታሚያ አክሪሊክ፣ ከመነሻውም አልኮል ያለበት በመሆኑ፣ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ አልኮል በደንብ ይቀጥናል። ያንኑ አልኮል በስፔኑ ቫዬሆ ውስጥ የጨመረ ሰው ግን ቀለሙ ተቋጥሮ ማስቲካ ይሆንበታል። (የእጅ ማጽጃ ጄል ግን ለሁለቱም አይሆንም፤ ማወፈሪያ አለበት።) የጋራዥ ቲነር ታሚያን ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ፕላስቲኩን ይበላል፤ ቫዬሆንማ ወዲያው ያበላሻል።

ፈሳሽ ሳሙና (ላርጎ) ጠብ የሚያደርጉም አሉ። ውጥረቱን ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ግን አረፋ ያወጣል፣ ከደረቀም በኋላ በሽፋኑ ውስጥ ቀርቶ የሚቀጥለው ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል። ከዚህ ይልቅ ለፊት የምንቀባው ግሊሰሪን አንድ ጠብታ መድረቁን ያዘገያል፤ ሁለት ሦስት ከሆነ ግን ቀለሙ ለቀናት እየተጣበቀ ይቆያል። ውሃ የሚጨምር ሰው ደግሞ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ይያዝ፤ አሲዱን አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም የምንለው የግድግዳ ቀለም ነው። በአገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው አክሪሊክ እርሱ ስለሆነ ብዙዎች ይሞክሩታል፤ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ወተት ይመስላል። ግን ውስጡ የተጨመረው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሻካራ ነው፣ ለ0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ተብሎ አልተፈጨም። የቅንጣት መጠንና የፈሳሽ ውፍረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። በሴት ስቶኪንግ ሁለት ጊዜ ቢጠለል ይሻሻላል፣ ያኔም ከ0.5 ባነሰ አፍንጫ አልሞክረውም።

ደግሞ አየሩ አለ። ታሚያ የተቋቋመው በ1946 እ.ኤ.አ. በሺዙኦካ ነው፤ ቫዬሆ ዛሬ የሚሠራው ባርሴሎና አጠገብ ነው። ሁለቱም ባሕር ዳርቻ ላይ ናቸው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከእነርሱ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፣ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። መጋቢት ላይ፣ ሜዳው ተሰነጣጥቆ አቧራው ሲነሣ፣ ቀለሙ ከአፍንጫው ወጥቶ ፕላስቲኩ ጋ ሳይደርስ መድረቅ ይጀምራል፤ ገጹ ላይ የሚያርፈው ዱቄት ነው፣ መርፌው ጫፍ ላይም በየደቂቃው ይጋገራል። ያንኑ ድብልቅ ነሐሴ ላይ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውሃ ሲለብስ፣ በዚያው ግፊት ቢረጩት ርጥብ ሆኖ ያርፍና ሳይደርቅ ይወርዳል። ብልቃጡ ውስጥ በሁለቱም ወር ወተት መስሏል። መብራት ሲጠፋም በኮምፕሬሰሩ ታንክ የቀረው አየር እየወረደ ሲሄድ፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ልክ የነበረው ድብልቅ ወፍራም ይሆናል፤ ቀለሙ አልተለወጠም፣ ገፊው ነው የደከመው።

የምክሩ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ ልዘለው አልፈልግም። «ወተት ያልነው ለመነሻ ነው፤ ሰው እየሠራ ያስተካክለዋል፤ ለጀማሪ ስለ ሞለኪውል ሰንሰለት ብታወራለት ኤርብራሹን ጥሎ ይሄዳል» ይላሉ። የመጨረሻው እውነት ነው። መነሻ ነው የሚለው ግን አይደለም፤ «እስኪሆን አቅጥነው» መድረሻ ነው የሚናገረው። ጀማሪው ወተት የመሰለው ቀን ያቆማል። ከዚያ ሲበላሽበት ማቅጠኑን እንደጨረሰ ስለሚያምን እጁን፣ መርፌውን፣ ፕላስቲኩን፣ ኮምፕሬሰሩን አንድ በአንድ ይጠረጥራል፤ ብልቃጡን ግን አይጠረጥርም።

ይበልጥ የሚገርመኝ ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው አለመከተላቸው ነው። የባጃጅ ወይም የሚኒባስ ቀለም ሲቀባ የቆየን አንድ ጥሩ ባለሙያ ቆሞ ማየት ነው። ቀለሙን ሲበጠብጥ ብልቃጡን በጨረፍታ ያያል፤ ከዚያ መርጫውን ወደ ካርቶን ወይም ወደ አሮጌ ላሜራ ያዞርና አንዴ ይለቃል። ስፋቱን፣ ዳሩን፣ ርጥበቱን ያያል። የመርጫውን ድምፅ ይሰማል። ቁልፉን ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ደግሞ ይለቃል፣ አይጥመውም፣ ቲነር ጠብ ያደርጋል፣ ሦስተኛ ይለቃል። ዕውቀቱ ያለው እዚህ ካርቶኑ ላይ ነው። ረዳቱ «ጋሼ፣ ምን ያህል ላቅጥነው?» ሲለው ግን ለዚህ ሁሉ ቃል ስለሌለው «እንደ ወተት» ብሎ ያሳርፈዋል። ረዳቱ ቃሉን ይዞ ይሄዳል፣ ካርቶኑን ሳያይ።

ስለዚህ ለጀማሪው ልንነግረው የሚገባን ስለ ካርቶኑ ነው። ለሞዴል ከካርቶን የሚሻል አለ፦ ማንም የማይሰማው የድሮ ካሴት ቤት ሲዲ ሣጥን። ሣጥኑ ብዙውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው፣ ያው የሞዴሉ ፕላስቲክ። ሞዴሉ የተቀባውን ፕራይመር ይቀባና ለመሞከሪያ ይቀመጥ። መጀመሪያ ግፊቱ ይወሰን፤ ለ0.3 አፍንጫ ከ1 እስከ 1.4 ባር መካከል ደህና ነው። ርቀቱም ይወሰን። እነዚህ ሁለቱ ሳይነኩ፣ ከቀለሙ ጋር የሚስማማው ማቅጠኛ ብቻ በጠብታ እየተቆጠረ ይጨመር፤ ከእኩል በታች ተጀምሮ። ሣጥኑ ላይ የሚያርፈው ደርቆ ዱቄት ከሆነ ማቅጠኛ ወይም ማዘግየቻ ይጎድለዋል፣ አለዚያም መቅረብ ነው። ነጠብጣብ እየተፋ ከሆነ ወፍሯል፣ ወይም መርፌው ጫፍ ላይ ደርቋል፤ መርፌው ተጠርጎ እንደገና ይታይ። ከመሃል ወደ ዳር ክር ክር እያለ የሚሮጥ ከሆነ ቀጥኗል፣ ወይም ግፊቱ በዝቷል። ርጥብ ሆኖ አንጸባርቆ፣ ለአፍታ ቆይቶ ብርሃኑን ከዳር ጀምሮ የሚያጠፋው ድብልቅ የሚፈለገው ነው።

ያ ድብልቅ ሲገኝ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ መርፌውና መግፊያው ወጥቶ፣ በቀለም ተሞልቶ፣ ቀለሙ ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ሰኮንዱ ይቆጠር። የቀለም ፋብሪካዎች ቀዳዳው በተለካ ኩባያ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ቀድሞ እንዳልኩት አክሪሊክ ቆሞና ሮጦ ስለሚለያይ፣ የታሚያ ሰኮንድ ለቫዬሆ አይሠራም፤ የነጩ ለቢጫው አይሠራም። ለዚያው ቀለም ግን ይሠራል፤ ከሰኮንዱ ጎን ወሩን፣ ግፊቱንና የጠብታውን ቁጥር መጻፍ ነው። የመጋቢቱ ገጽ ለነሐሴ እንደማይሆን ደብተሩ ራሱ ያሳያል።

የሚቀረው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ወረታ ላይ የሞዴል ቀለም የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ቫዬሆውም ታሚያውም የሚመጣው በመንገደኛ ሻንጣ ነው፣ አልኮል ያለበትን ደግሞ አየር መንገዶች ስለሚከለክሉ እርሱም ሲገኝ ነው። «እንዲህ የተገኘን ቀለም ሲዲ ሣጥን ላይ ላፍስሰው?» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሒሳቡን ግን ይሥራ። ትንሹ የታሚያ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ወደ 200 ጠብታ ነው። ለሣጥኑ ሙከራ አምስት ወይም ስድስት ይበቃል፤ በስሪንጁ የፈሰሰው ወደ ብልቃጡ ይመለሳል። ሙከራውን ትቶ «እንደ ወተት» ያቀጠነው ሰው የ39 ሳንቲ ሜትሩን አውሮፕላን ነጭ አካል ካበላሸ፣ ያን ሁሉ አጥቦና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ እንደገና ለመቀባት ሁለተኛ ጠርሙስ ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ይጠብቃል።